የእሳቱ ሸለቆ የውሃ ታሪክ

(በላስ ቬጋስ በተደረገ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የተነገረ። ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ የተጻፈ።)

እንደምን ዋላችሁ! ድምፄ ከኋላ ይሰማል? እሺ። እዚያ ጥግ ቡና የምታፈሉ እህቶቻችንም ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል። ቡናውን ግን አታቋርጡ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ የከተታችሁ ልጆች፣ ያልከተታችሁም! አዘጋጆቹ «ስለ ቅዳሜው ጉዞ አሥር ደቂቃ ብቻ ተናገር» ብለውኛል። አሥር ደቂቃ አይበቃኝም። ካላመናችሁ ባለቤቴን ጠይቋት።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ታክሲ ነጂ ነኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እዚህ ከተማ ስነዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። እስቲ ልጠይቃችሁ። ቬጋስ ከአምስት ዓመት በላይ የኖራችሁ እጃችሁን አውጡ። ኧረ ብዙ ነን! አሁን ደግሞ ቅዳሜ የምንሄድበትን ፓርክ፣ ቫሊ ኦፍ ፋየርን፣ የእሳቱን ሸለቆ ማለት ነው፣ ሄዳችሁ የምታውቁት ብቻ አውጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት። ሰባት ሰው! አቦ!

ሰው ከጃፓን፣ ከጀርመን በአውሮፕላን እየመጣ የሚያየው ቦታ ነው። ከስትሪፑ፣ ከካዚኖዎቹ ጎዳና፣ ተነሥታችሁ በአይ 15 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰዓት። እኛ ኤርፖርት ተሰልፈን ተሳፋሪ የምንጠብቀው ከዚያ በላይ ነው።

አልፈርድባችሁም። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን እንጂ ቦታውን አላውቀውም ነበር።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ ድንጋዩን፤ ገደሉንና ስንጥቁን ማለቴ ነው። ሁለተኛ ድንጋዩ ላይ ያሉትን ሥዕሎች። ሦስተኛ በጋሪ የመጡትን ሰፋሪዎች። ሦስቱን የሚያስራቸው አንድ ክር አለ፤ እሱም ውሃ ነው። «በረሃ ልውሰዳችሁ ብሎ ስለ ውሃ የሚያወራ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ።

አንደኛ፣ ድንጋዩ።

ከአይ 15 በ75ኛው መውጫ ትወጣላችሁ። እዚያ ሞአፓ ፓዩት የሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ማደያና ሱቅ አለ። ርችት የምትገዙበት፣ ታውቁታላችሁ። ነዳጁንም ውሃውንም እዚያ ሙሉ። ሰዎቹን ግን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። ከዚያ ግራጫ ተራራ፣ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ ግራጫ አፈር ነው። ልጆቹ ከኋላ «መቼ ነው የምንደርሰው?» ማለት ይጀምራሉ። ከዚያ አንድ ኩርባ ትዞሩና በርበሬ የተሰጣበት ግቢ የገባችሁ ይመስላችኋል። ምድሩ በሙሉ ቀይ ነው። ቀይ ብቻ አይደለም፤ ብርቱካን አለ፣ ሮዝ አለ፣ እንደ ቅቤ የነጣም አለ።

ይህ ድንጋይ አሸዋ ነበር። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዳይኖሰር ዘመን፣ ቦታው ነፋስ የሚነዳው የአሸዋ ክምር ነበር። ቀርባችሁ ስታዩት ነፋሱ አሸዋውን በየት በኩል እንደገፋው መስመሩ ዛሬም ይታያል። ልክ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ ግን ተንጋዶ የተደራረበ። አሸዋው ተቀበረ። ከላይ ሌላ ተጫነው። ውሃ በውስጡ እየሰረገ ቅንጣቱን ከቅንጣቱ አጣበቀው። ቀዩ ቀለም ብረት ነው፤ የዛገ ብረት። ነጩስ? ነጩ ደግሞ ቆይቶ ውሃ ብረቱን አጥቦ የወሰደበት ቦታ ነው። ስለዚህ ያጣበቀውም ውሃ፣ ያነጣውም ውሃ።

ገደሉን የቆረጠውስ? እሱም ውሃ ነው። በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ድሬዳዋን «በረሃ» የምትሉ የአዲስ አበባ ልጆች ስሙኝ፤ ድሬ ከዚህ ጋር ስትወዳደር ጅማ ናት! ግን ያቺ ጥቂት ዝናብ ስትመጣ እንዴት ትመጣለች? በአንድ ጊዜ ነው። ድንጋዩ አይመጥጣት፣ ሣር አይዛት። ተሰብስባ በስንጥቁ ውስጥ ትወርዳለች፤ አሸዋና ጠጠር ይዛ ግድግዳውን እንደ ሞረድ ትሞርደዋለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። የድሬ ሰው ደቻቱን ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ እንጫወትበታለን፣ ነጋዴ ይሸጥበታል፣ ግመል ያልፍበታል። «ወንዝ ነው» ብለው ቢነግሩህ አታምንም። በ1998 ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌሊት መጣ። ደጋው ላይ የዘነበው ነው የመጣው። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እኔ ያኔ እዚህ ነበርኩ። በስልክ ነው የሰማሁት። ከሰፈራችን ሰው ያላጣ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደረቅ አሸዋ ሳይ ደረቅ ነው ብዬ አላምንም።

ለምን ነገርኳችሁ? ቅዳሜ ዋይት ዶምስ የሚባለውን መንገድ እንሄዳለን። ዙሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ ስንጥቅ ገደል አለ። እጃችሁን ወደ ጎን ስትዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ የምትነኩበት ቦታ አለ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ልስልስ ብሏል፤ ሰው ያሸው ሊጥ ይመስላል። ያማረ ቦታ ነው። ግን ሰማዩ ከጠቆረ፣ ሩቅም ቢሆን፣ ሩቅም ቢሆን እላለሁ፣ አንገባም። ደራሽ ውሃ ፎቶ እስክታነሣ አይጠብቅም።

ሁለተኛ፣ ሥዕሎቹ።

አንድ ቀን ከኤርፖርት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አሳፈርኩ። ሆቴል የሚሉ መስሎኝ «የት ልውሰድዎት?» አልኩ። «ቫሊ ኦፍ ፋየር፤ ደርሶ መልስ፤ እዚያም ትጠብቀኛለህ» አሉኝ። ሒሳቡን በልቤ አሰላሁና ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፣ ያሰብኩት ገንዘቡን ብቻ ነበር። ደረስን። እሳቸው ወረዱ። እኔ ኤሲዬን ከፍቼ ወንበሬን ወደ ኋላ አስተኛሁ። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ተንኳኳ። «ለምን መጣህ ታዲያ?» አሉኝ። ምን ልመልስ? «ለሥራ» አልኩ። አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጡኝና «ና ውረድ» አሉኝ።

ወረድኩ። የሄድንበት ፔትሮግሊፍ ካንየን የሚባለው ነው። መሬቱ ቀይ አሸዋ ነው፤ እግር ይይዛል። ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው። ሽማግሌው ቆሙና በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ አንዲት ፍየል የመሰለች ነገር አየሁ። ቀንዷ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ። ከእሷ ጀርባ ሌላ። ከዚያ ክብ በክብ ውስጥ። ከዚያ የእግር ዱካ። ከዚያ እጅ ለእጅ የተያያዙ የሚመስሉ ሰዎች። አንዴ ዓይንህ ከተከፈተ ግድግዳው በሙሉ ሰው ሆነ።

እነዚህ በቀለም የተሣሉ አይደሉም። የተወቀሩ ናቸው። የበረሃ ድንጋይ ለረጅም ዘመን ፀሐይና አቧራ ሲመታው ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ሽፋን ያወጣል። ፈረንጆቹ የበረሃ ቫርኒሽ ይሉታል። ብረትና ማንጋኒዝ ከሸክላ አፈር ጋር ነው። ያንን ሽፋን በሌላ ጠንካራ ድንጋይ ጠክ ጠክ ጠክ ስታደርገው ከሥሩ ያለው ቀይ ድንጋይ ይወጣል። በቃ፣ ሥዕል። ወፍጮ ድንጋይ ሲወቀር ያየ ሰው ይገባዋል። ያቺ ድምፅ ራሷ ናት።

ማን ወቀራቸው? ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ እስከ 1150 ገደማ ድረስ በዚህ አካባቢ ሲኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። «ቅርጫት ሠሪዎች» ከሚባሉት ከጥንቶቹ ጀምሮ በኋላ የጭቃ ቤት ሠርተው በቆሎ፣ ባቄላ፣ ዱባ፣ ጥጥ እስከዘሩት ድረስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ እየነገርኳችሁ ነው። የሚኖሩት ግን ቀዩ ድንጋይ ላይ አልነበረም። ወረድ ብሎ ወንዝ ባለበት፣ በሙዲ ወንዝ ዳር ነበር። ወደ ድንጋዩ የሚመጡት ለአደን፣ ምግብ ለመልቀም፣ ለሥርዓታቸው ነው። ለምን እዚያ አይኖሩም? ውሃ የለማ!

አንዱን ሥዕል ለብቻው ልንገራችሁ። አትላትል ሮክ የሚባል ትልቅ ቋጥኝ አለ። የብረት ደረጃ ተሠርቶለታል። ጉልበት የሚያማችሁ በመሃል እያረፋችሁ፣ ትደርሳላችሁ። ከላይ አንድ ሥዕል አለ፤ አትላትል ነው። አትላትል ማለት ጦር ማስወንጨፊያ እንጨት ነው። የክንድ ያህል ዱላ፣ ጫፉ ላይ ቆልማማ። የጦሩን ቂጥ እዚያ ላይ ታሳርፍና ትወረውራለህ። ክንድህ የረዘመ ያህል ነው፤ ጦሩ ይበራል። ታዲያ ይህ ሥዕል አንድ ምስጢር ይነግረናል። ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት በዚህ አገር ቀስት መጣና አትላትል ተረሳ። አንድ ሰው ዛሬ ግድግዳ ላይ ስልክ ቢሥልና ስልኩ ባለ ገመድ ቢሆን ዕድሜውን አታውቁትም? እንደዚያ ነው። ሥዓሊው ሳያስበው ዘመኑን ጻፈልን።

ትርጉሙስ? ካርታ ነው የሚል አለ። የአደን ጸሎት ነው የሚል አለ። የጎሣ ምልክት ነው የሚልም አለ። እኔ በዚህ ላይ የራሴን አልጨምርም።

እናቴ ግን ጨመረች። ከድሬ ልትጠይቀኝ መጥታ ወሰድኳት። መጀመሪያ «ድንጋይ ለማየት ነው ይህን ሁሉ ነዳጅ ያቃጠልከው?» አለችኝ። ካንየኑ ውስጥ ስትገባ ዝም አለች። ፍየሎቹን አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ቀረብ አለችና «ይሄን እረኛ ነው የሣለው» አለች። «እማዬ፣ የዱር በግ ናቸው፤ ቢግሆርን ይባላሉ፤ እረኛ አልነበራቸውም» አልኳት። «አንተ ምን ታውቃለህ? እግሯን እንዴት እንዳሳጠረው አታይም? ወደ ዳገት ስትወጣ ነው። ይሄ ሰው ከብት ሲወጣ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ አሥር ጊዜ ሄጄ እግሯን አላየሁም ነበር።

እሷ ናት ልቤን የነካችው ነገር የተናገረችው። «ለጋ ኦዳም እንዲህ ያለ አለ ይላሉ» አለች። «ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «የት ሄጄ!» አለች።

ወገኖቼ፣ ለጋ ኦዳ ከድሬዳዋ ብዙም አይርቅም። በቀይ ቀለም የተሣሉ ከብቶች ያሉበት የድንጋይ ጥላ ነው። ተማሪ ሳለን ለጉብኝት ብር አዋጥተን ነበር፤ መኪናው ቀረ፣ እኛም ቀረን። ከከተማዋ ጥግ ደግሞ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ጃርት ማለት ነው በፈረንሳይኛ። ከዚያ ዋሻ ከ40 ኪሎ በላይ የቀለም ድንጋይ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ቀይና ቢጫ፣ ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ። እዚያ ከተማ ተወልጄ፣ አድጌ፣ ኳስ ተጫውቼ፣ አንዱንም አላየሁም። የመጀመሪያዬን የድንጋይ ሥዕል ያየሁት በፈረንጅ ተሳፋሪ ተጎትቼ ኔቫዳ ውስጥ ነው። አያሳፍርም? እኔን አሳፍሮኛል። ኦሮምኛ የምትችሉ ታውቁታላችሁ፤ ለጋ ማለት ወንዝ ነው፣ ኦዳ ሾላ። የሾላ ወንዝ። እዚያም ሥዕሉ ያለው ውሃ ዳር ነው።

አሁን የልጆቹን ወላጆች አንድ ነገር ልለምን። ባለፈው ዓመት ከእኛው ልጆች አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፣ ሹል ድንጋይ አንሥቶ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ግድግዳው ላይ ሊጭር ሲል ያዝኩት። «እነሱም ጭረዋል እኮ» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው! የመለስኩለትን ልንገራችሁ። «እነሱ ሲጭሩ ግድግዳው የቤታቸው ነበር። አንተ የሰው ቤት እንግዳ ነህ» አልኩት። በሕግም ያስቀጣል። በእጅም አትንኩ፤ የእጃችን ወዝ ያበላሸዋል። በኖራም አታድምቁ። ዓይን ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሰፋሪዎቹ። እዚህ ላይ ቡናው ከደረሰ አምጡ፤ ረጅም ነው።

ከሰፋሪዎቹ በፊት ግን ፓዩቶቹ አሉ። በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁ። ቀደምቶቹ ገበሬዎች በ1150 ገደማ ከሄዱ በኋላ አገሩ የእነሱ ነበር። ፔትሮግሊፍ ካንየን መጨረሻው ላይ ማውስስ ታንክ የሚባል ጉድጓድ አለ። ድንጋዩ ውስጥ የተቦረቦረ ገንዳ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይሞላና ለወራት ውሃ ይይዛል። «ማውስ» አይጥ ነው፤ አንድ የፓዩት ሰው መጠሪያ ነበር። በ1890ዎቹ ሸፍቶ እዚህ ገደል ውስጥ ይደበቅ ነበር። እናቴ ይህን ስነግራት ቶሎ ገባት። «ሽፍታ ማለት ውሃው ያለበትን የሚያውቅ ሰው ነው» አለች። አሳዳጆቹ ጠመንጃ ነበራቸው፣ ፈረስ ነበራቸው። ገንዳውን ግን አያውቁም።

የሽፍትነቱን ነገር ስታስቡ ይህንንም አስቡ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለሞአፓ ፓዩቶች ሰፊ መሬት ተከልሎ ነበር። በ1875 ተቆርጦ ተቆርጦ 1,000 ኤከር ሆነ። አንድ ሺህ! ከተወሰደባቸው ውስጥ 70,000 ኤከር ገደማ የተመለሰላቸው በ1980 ነው። የሰፋሪ ታሪክ ስታነቡ «ባዶ በረሃ» የሚል ቃል ካገኛችሁ ቆም በሉ። ውሃ ያለበት በረሃ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ወደ ሰፋሪዎቹ እንምጣ። በ1865 ከዩታ ሞርሞን የሚባለው ሃይማኖት ተከታዮች በጋሪ ወረዱ። የላካቸው መሪያቸው ብሪገም ያንግ ነው። ምን አድርጉ ብሎ? ጥጥ ዝሩ! የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡን ጥጥ አቋርጦት ነበር። እነሱም ሙዲ ወንዝ ከቨርጂን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ሴንት ቶማስ የሚባል መንደር ቆረቆሩ። ቦይ ቆፈሩ፣ ዛፍ ተከሉ፣ ጥጥ ዘሩ። እነዚያ ሥዕል የወቀሩት ሰዎች ጥጥ የዘሩበት ሸለቆ ነው። ያው ወንዝ፣ ያው ጥጥ። የድሬ ሰው ጥጥ ሲባል ጆሮው ይቆማል፤ ግማሹ ሰፈር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ያደገ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ቀያሽ መጣ። ሰዎቹ ዩታ ወይም አሪዞና ውስጥ ያሉ መስሏቸው ነበር። ቀያሹ ለካና «ኔቫዳ ናችሁ» አላቸው። ኔቫዳ ደግሞ ወዲያው የኋላ ግብር ክፈሉ አለች፤ ያውም በወርቅ። በጥጥና በስንዴ የሚገበያይ ሰው ወርቅ ከየት ያምጣ? በ1871 ቤታቸውን፣ እርሻቸውን፣ ቦያቸውን ጥለው ወደ ዩታ ተመለሱ። አንድ ቤተሰብ ብቻ ቀረ። ዳንኤል ቦኔሊ የሚባል የስዊዝ ሰው። «አልሄድም» አለ። ጨው አወጣ፣ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ ጀልባ አቁሞ ሰው አሻገረ፣ አረሰ። ይህን ሰው በጣም እወደዋለሁ። በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ሁሉ ሲሰደድ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀር።

በኋላ ሰዎች ተመለሱ፤ መንደሩ ነፍስ ዘራ። በ1910ዎቹ ደግሞ አሮውሄድ የሚባለው መንገድ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሶልት ሌክ ሲቀየስ በቀዩ ድንጋይ መሃል አልፎ ሴንት ቶማስ ገባ። መኪና መጣ፣ ሆቴል መጣ፣ አይስክሬም መጣ! አዎ፣ በረሃ መሃል አይስክሬም ቤት ነበር።

በዚያው መንገድ ላይ በፓርኩ ምሥራቅ በር አጠገብ አንድ መታሰቢያ አለ። ጆን ክላርክ ይባላል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ዘማች ነበር። ያን ሁሉ ጥይት ያለፈ ሰው በ1915 በጋሪ ሲያልፍ እዚህ በውሃ ጥም ሞተ። ወንዙ ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

እኔ መታሰቢያው ጋ ስቆም ላብ ያሰምጠኛል። ምክንያት አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት በሐምሌ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሄድን። «የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት ምን ያደርገኛል?» ብዬ። ለሁለት ሰው አንድ ሊትር ውሃ ይዘናል። አቋራጭ አገኘሁ ብዬ ከመንገዱ ወጣሁ። ቋጥኙ ሁሉ ይመሳሰላል። ሃያ ደቂቃ ያልኩት ሁለት ሰዓት ሆነ። የሚገርማችሁ ላብ አላየሁም። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይወርድ ይተናል። ግንባሬን ስነካው ጨው ብቻ ነው፤ እንደ ቆሎ የሚሻክር። ጓደኛዬ የድንጋይ ጥላ ሥር ተቀመጠና «ትንሽ ልተኛ» አለኝ። ያቺን ቃል መቼም አልረሳትም። በሙቀት «ልተኛ» ያለ ሰው እንቅልፍ አይደለም የያዘው። እግዜር ይስጣቸው፣ ሁለት መንገደኞች በጩኸቴ መጥተው ውሃ ሰጡን፤ ደግፈው አወጡን። መኪናችን ከእኛ አምስት ደቂቃ ነበር የራቀችው። አምስት ደቂቃ! ዛሬ በሙቀቱ ወራት አብዛኞቹን የእግር መንገዶች ይዘጓቸዋል። እኛም በሐምሌ ሳይሆን አሁን፣ ቀዝቀዝ ሲል የምንሄደው ለዚህ ነው።

ሴንት ቶማስስ? እሷን ደግሞ የገደላት ውሃ መብዛቱ ነው። ሁቨር ግድብ በ1930ዎቹ ሲሠራ ሌክ ሚድ ሐይቅ እየሞላ ወደ መንደሩ ወጣ። ሰው ካሣ ተቀብሎ ሄደ። መቃብር ሳይቀር ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ። አንድ ሰው ብቻ «ውሃው እዚህ አይደርስም» ብሎ ቀረ። በሰኔ 1938 ውሃው ደጁ ደረሰ፤ ከቤቱ በጀልባ ቀዝፎ ወጣ። የጥንቶቹ የጭቃ ቤቶች ፍርስራሽም ብዙው አብሮ ሰመጠ። ከመስመጡ በፊት ተቆፍሮ የተረፈው ኦቨርተን በሚባለው ከተማ ሎስት ሲቲ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሙዚየሙን በ1935 የሠሩት በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን መንግሥት የቀጠራቸው ሥራ አጥ ወጣቶች ናቸው። ፓርኩ ውስጥ ያሉትን የድንጋይ ጎጆዎችም የሠሩት እነሱ ናቸው። ቫሊ ኦፍ ፋየር የኔቫዳ የመጀመሪያው የክልል ፓርክ የሆነው በዚያው ሰሞን ነው።

ከዚያስ? ከ2000 ወዲህ ድርቁ በረታ፣ ሐይቁ ሸሸ፣ መንደሩ ወጣ። ሄጃለሁ። ስትራመዱ ከእግራችሁ ሥር ቅርፊት ይሰበራል፤ የቀንድ አውጣ የመሰለ የሐይቅ ቅርፊት፣ በረሃ መሃል! የቤቶቹ መሠረት አለ። የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። የተቆረጡ የዛፍ ጉቶዎች በሰልፍ ቆመዋል፤ መንገዱ የት እንደነበር በእነሱ ነው የምታውቁት። የትምህርት ቤቱ ደረጃ አለ። ትወጡታላችሁ፣ ከላይ ምንም የለም። ቆም ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ትምህርት ቤት ያሰጠመው ሐይቅ ነው እኔ ዛሬ ጠዋት ፊቴን የታጠብኩበት። የቬጋስ ውሃ 90 በመቶው ከዚያ ነው የሚመጣው። ይህች ጀበና ውስጥ ያለውም ጭምር። «ይህ ታሪክ የእኛ አይደለም» የሚለኝ ሰው ካለ፣ እስቲ ቡናውን ያስቀምጥልኝ!

ይኸው አስቀመጠ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ቀልዴን ነው።

አሁን የጉዞውን ነገር ልጨርስ። አውቶቡሱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሣል። በአበሻ ሰዓት ማለቴ ነው፣ በአበሻ ቀጠሮ አይደለም። ሴንት ቶማስ አውቶቡስ አይገባም፤ የመጨረሻው መንገድ ኮረኮንች ነው። እዚያ መሄድ የፈለገ በራሱ መኪና ይከተለን። ጫማ የተዘጋ፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሥዕሉን ከአውቶቡስ መስኮት ያያል። ኮፍያ። ምሳ በየቤቱ። ቡና በጋዝ ምድጃ እኔ አፈላለሁ፤ የሳቃችሁትን አይቻለሁ።

ውሃ በሰው አንድ ጋሎን። ለአንድ ሰው አንድ ጋሎን፤ ለቤተሰብ አላልኩም። በሩ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። ጋሎን ያልያዘ አይሳፈርም፤ ዘመድም ቢሆን፣ ባለቤቴም ብትሆን።

እማማ እጅ አውጥተዋል። አዎ እማማ፣ ይበሉ?

(የእማማ ጥያቄ ሽንት ቤት አለ ወይ የሚል ነበር። አለ።)